የደም ግፊት፣ የቡና ጆንያና የሚገለባበጥ አውሮፕላን

ግፊት ተገኘብህ የተባለ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው ስለ ምግቡ ነው። ጨው ልተው? ሥጋስ? ቡናውንስ ምን ላድርገው? ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሳገለግል ይህን ጥያቄ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። «ምን ዓይነት ሥራ ልሥራ?» ብሎ የጠየቀኝ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ሥራ በእኛ አገር እንደ ወጥ የሚመረጥ ነገር ስላልሆነ ይመስለኛል። ሰው ያገኘውን ይሠራል፣ ግፊቱም አብሮት ይሠራል።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ባለፈው የቡና ወቅት፣ ሁለት ሰዎች በወር ልዩነት ይህንኑ ጠየቁኝ። አንዱ እዚሁ ሚዛን የሚኖር ጎረቤቴ ነው፤ የቡና መጋዘን ጫኝና አውራጅ። ሌላው አሜሪካ የሚኖር የእህቴ ልጅ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ትንሽ አውሮፕላን ተከራይቶ ሰማይ ላይ ይገለባበጣል። ሁለቱ አይተዋወቁም። አንዱ ለእንጀራው፣ ሌላው ለደስታው ነው። የሁለቱ ችግር ግን አንድ ሆኖ ስላገኘሁት ልጻፈው አልኩ።

በጎረቤቴ ልጀምር። ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ቆላማው የበበካና የቴፒ ቡና ከመስከረም ጀምሮ መቅላት ሲጀምር የእሱም ሥራ ይጀምራል፤ ጀንፈሉ ደርቆ ወደ መፈልፈያ ሲገባ፣ የተፈለፈለውም በጆንያ ሆኖ መኪና ላይ ሲወጣ ትከሻው አያርፍም። ለውጭ ገበያ የሚዘጋጅ አንድ ጆንያ ቡና 60 ኪሎ ነው። በእኛ ገበያ ቋንቋ ሦስት ፈረሱላ ተኩል ማለት ነው። ጤና ጣቢያ ሄዶ ሲለካ 170 በ105 ሆነ። ሁለት ኪኒን ተሰጠው፤ አንዱ የሚያሸናው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ሁለተኛው አምሎዲፒን።

አንድ ቀን ግቢዬ ገብቶ ከአጥሩ ሥር ቆመና፣ «ሲስተር፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ መኪና በሚጫንበት ቀን ኪኒኑን አልውጠውም» አለኝ። ለምን ስለው፣ «የዋጥኩ ቀን ጆንያውን አንስቼ ቀና ስል ዓይኔ ይጨልማል። ከጣውላው ላይ ብወድቅ ማን ያነሳኛል?» አለ።

የእህቴ ልጅ የደወለው ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ ከልጅነቱ ጀምሮ አውሮፕላን ወዳጅ ነበር። አሜሪካ ሄዶ ሠርቶ፣ ቤተሰብ መሥርቶ፣ አርባውን ካለፈ በኋላ የግል አብራሪ ፈቃድ አወጣ። እሱ አልበቃው ብሎ የአክሮባት በረራ ተማረ። ሱፐር ዲካትሎን የምትባል ባለ ሁለት ወንበር አውሮፕላን ይዞ ክብ ይሠራል፣ በጀርባዋ ያንጋልላታል፣ ይጠመዝዛታል። ቪዲዮውን ልኮልኝ እያየሁ የራሴን ወንበር ጨብጬ ነበር።

«እትዬ፣ ለእናቴ እንዳትነግሪያት» ብሎ ጀመረ። እህቴ ጋዜጣ ስለማታነብ ነው እዚህ የምጽፈው። ግፊት ተገኝቶበት የቤተሰብ ሐኪሙ የልብ ምትን የሚያዘገይ ኪኒን አዘዘለት። ለሐኪሙ አውሮፕላን እንደሚያበር ነግሮታል፤ እንደሚገለባበጥ ግን አልነገረውም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁልጊዜ የሚሠራውን ክብ ብቻውን ሊሠራ ወጣ። አፍንጫዋን ወደ ላይ ሲስባት ቀለም ጠፋበት፣ ሁሉም ነገር ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ ዳር ዳሩ ጨለመ። መሪውን ለቀቅ ሲያደርገው ብርሃኑ ተመለሰ። «በፊት በዚያው ፍጥነት ስሠራው ምንም አይሰማኝም ነበር» አለኝ።

አንዱ በአሜሪካ ሰማይ፣ ሌላው በሚዛን መጋዘን በር፣ ሁለቱም «ዓይኔ ጨለመ» አሉኝ።

ለምን እንደሚጨልም ለመረዳት የድሮውን የሜርኩሪ መለኪያ ማስታወስ ይጠቅማል። ያን ረጅም የመስታወት ቧንቧ ያለውን ሳጥን የማያስታውስ የእኔ ዕድሜ ሰው የለም። ግፊት 120 ነው ስንል ልብ በምትገፋበት ቅጽበት ደሙ ሜርኩሪውን 120 ሚሊሜትር ወደ ላይ መስቀል ይችላል ማለታችን ነው። ሜርኩሪ ከደም 13 ጊዜ ገደማ ስለሚከብድ፣ ያው ጉልበት ደምን ራሱን ወደ ላይ ቢሰቅል ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይወስደዋል። ከልብ እስከ ዓይን ያለው ርቀት 30 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ይህን ዳገት ለመውጣት ደሙ 23 ያህል ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይከፍላል። ስለዚህ ቆመን ክንዳችን ላይ 120 ሲነበብ ዓይናችን ጋ የሚደርሰው 97 ገደማ ነው። በቂ ነው፤ ይተርፋልም።

አሁን አውሮፕላኑ ውስጥ እንግባ። አብራሪዎች የመሬትን ስበት አንድ «ጂ» ይሉታል። አውሮፕላን በኃይል ወደ ላይ ሲታጠፍ ወይም ክብ ሲሠራ የሰውየው ክብደት ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እጥፍ ይሆናል። የሚከብደው ሥጋውና አጥንቱ ብቻ አይደለም፤ ደሙም ይከብዳል። በአራት ጂ ያ የ23 ዳገት 90 ከፍ ይላል። ከ120 ላይ ሲቀነስ ዓይን ጋ የሚደርሰው 30 የማይሞላ ነው። በአምስት ጂ ምንም የሚተርፍ የለም። ዓይን ከአንጎል ቀድሞ የሚጨልመው ደግሞ ጤነኛ ዓይን በውስጡ የራሱ ግፊት፣ ከ10 እስከ 21 የሚደርስ፣ ስላለው ነው። የሚመጣው ደም ያንን አሸንፎ መግባት አለበት። ስለዚህ የዓይን መጨለም ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሳይታዘዝ የቀጠለ ራሱን ይስታል። ራሱን የሳተ አብራሪ ነቅቶ የት እንዳለ እስኪያውቅ ግማሽ ደቂቃ ሊፈጅበት ይችላል። በሰዓት 200 ኪሎሜትር የሚበር ሰው በዚያ ግማሽ ደቂቃ ከአንድ ኪሎሜትር ተኩል በላይ ተጉዟል።

ይህን ስሌት በስልክ ሳስረዳው ልጁ ወዲያው ነቃና፣ «ታዲያ እትዬ፣ የእኔ ግፊት 150 መሆኑ አይሻልም ነበር?» አለኝ። አንተ ልጅ፣ ሒሳብ ታውቃለህ፤ እውነትም በቁጥር ብቻ ካየነው ትንሽ ይተርፍሃል። ቀጭኔም እንዲሁ ናት፤ ያ ረጅም አንገት ደም እንዲያገኝ ግፊቷ ከሰው በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። ግን ቀጭኔ ለዚያ የተሠራ የደም ሥርና የወፈረ የእግር ቆዳ አላት። የሰው የደም ሥር ለዓመታት በ150 ሲመታ ይደነድናል፣ የልብ ግድግዳ ይወፍራል፣ የዓይን መጋረጃና ኩላሊት ይጎዳሉ። በዚያ ላይ ያለው ችግር በዝቅተኛው ጂ ብቻ አይቆምም። አብራሪ በጀርባው ተገልብጦ ወደ ታች ሲገፋ ደሙ በተቃራኒው ወደ ራሱ ይጎርፋል። ከፍ ያለ ግፊት ላይ የሚጨመረው ያ ነው አንጎል ውስጥ የሚያስፈራኝ። ከዚያ ተመልሶ ቀጥ ሲልና እንደገና ሲስብ ደግሞ የደም ሥሮቹ ስለተዝናኑ፣ ልቡም ስለዘገየ፣ ከወትሮው ባነሰ ጂ ይጨልምበታል።

እኔ ራሴ ጂ የሚባለውን ነገር ስሙን ሳላውቅ ቀምሼዋለሁ። ወደዚህ አካባቢ በተመደብኩበት ዘመን ከጅማ በቦንጋ በኩል በመኪና መምጣት ትልቅ ጉዞ ነበር፤ ክረምት ላይ ጭቃው ሰውንም መኪናውንም ያሳድራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትናንሽ አውሮፕላኖች ሚዛን ተፈሪና ቴፒ የሣር ሜዳ ላይ ያርፉ ነበር። ከብቶቹ ከሜዳው እስኪባረሩ አውሮፕላኑ አንዴ ይዞራል። በዚያ መዞር ላይ ክንፉ ወደ ጫካው ሲያዘነብል ወንበሩ ወደ ታች የሚስበኝ፣ ጭኔ ላይ ያለው ቦርሳ የሚከብደኝ ይመስለኝ ነበር። መምሰል አይደለም፤ እውነት ነው። አውሮፕላን ከፍታውን ሳይለቅ 60 ዲግሪ አዘንብሎ ከዞረ የሰው ክብደት በትክክል እጥፍ ይሆናል። የመንገደኛ አውሮፕላን እንደዚያ አያዘነብልም፤ በ30 ዲግሪ የሚጨመረው ከመቶ 15 ያህል ነው። ለእኔ እሱም በዝቶብኝ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ዶሯቸውን አቅፈው እንቅልፋቸውን ይለጥጡ ነበር።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። እሱ ክንፍ የለውም፤ ግን ሸክም አለው፤ ትንፋሹንም ይይዛል። ከባድ ነገር ስናነሳ አፋችንን ገጥመን፣ ሆዳችንን አጥብቀን፣ «እህ!» እንላለን። በዚያች ቅጽበት ደረታችንና ሆዳችን ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ የጡንቻው መኮማተር ደም ሥሮችን ይጨፈልቃል፣ የክንድ ግፊትም ሽቅብ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ አንድ የካናዳ ጥናት ክብደት አንሺ ወጣቶችን ደም ሥራቸው ውስጥ መለኪያ አስገብቶ ለካቸው። በሁለት እግር ከባድ ክብደት ሲገፉ አማካዩ 320 በ250 ደረሰ፤ አንደኛው ከ480 በ350 አለፈ። ጤነኛ ወጣቶች ናቸው። ቁጥሩን መጀመሪያ ሳነብ የማተሚያ ስህተት መስሎኝ ደግሜ አነበብኩት።

ጆንያው ከትከሻ ሲወርድ፣ ትንፋሹም ሲለቀቅ፣ ያ ግፊት ባንዴ ይወድቃል። አንገታችን ላይ ያሉት የግፊት ጠባቂዎች ወድቋል ብለው ልብን እስኪያፋጥኑና ደም ሥርን እስኪያጠብቁ ከስድስት እስከ አሥር ሰከንድ ያስፈልጋቸዋል። ጎረቤቴ ዓይኑ የሚጨልመው በዚያች ክፍተት ነው። የእህቴ ልጅም ክቡን ሲሠራ የሚጨልምበት ያው ጠባቂ ሳይደርስለት ነው።

ኪኒኖቹ ደግሞ ያንን ጠባቂ ነው እጁን የሚይዙት። የሚያሸናው ኪኒን ውኃ ይቀንሳል፤ ቴፒና በበካ ሙቀት ውስጥ ላብ ላይ ሲጨመር ሰውየው ሳያውቀው ይደርቃል። አምሎዲፒን ደም ሥርን ያዝናናል። እንደ አቴኖሎል ያሉት ልብ «ፍጠኝ» ስትባል እንዳትፈጥን ያደርጋሉ። ቀጥ ብሎ ለሚሄድ፣ ቢሮ ለሚቀመጥ ሰው ይህ ሁሉ ደህና ነው፤ ዓላማውም ይኸው ነው። ለሚገለባበጥ ሰው ግን ልብ በድንገት መፍጠን ያለባት ሰዓት አለ። የአሜሪካ የሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት አብራሪን ሲመረምር የሚፈቅደው ጣሪያ 155 በ95 ነው፤ አውሮፓ 160 በ95 ይላል። መድኃኒት ወስዶ ከዚያ በታች መሆንም ይፈቀዳል። የማይፈቀዱት አንጎል ላይ የሚሠሩት ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ ሜቲልዶፓ ነው። እኛ ለስንት ዓመት በእጃችን ያደልነው፣ ዛሬም ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው ሜቲልዶፓ! እንቅልፍ እንቅልፍ እንደሚል የወሰደው ሁሉ ያውቃል።

በጥር 2017 አየር ኃይላችን 89ኛ ዓመቱን በቢሾፍቱ ሲያከብር የታየውን የአየር ትርኢት ሰፈራችን በቴሌቪዥን ተሰብስቦ አይቶታል። አንዲት ጎረቤቴ «ሲስተር፣ የእነዚህ ደም በአፍንጫቸው አይወጣም?» ብላ ጠየቀችኝ። የተዋጊ ጄት አብራሪ ብቻውን አይደለም። ሆዱንና እግሩን የሚያጠብቅ በአየር የሚነፋ ሱሪ ይለብሳል፤ ጂ ሲጨምር ሱሪው ይነፋና ደሙ እግር ላይ እንዳይቀር ይጨምቀዋል። እናቶቻችን ከወለዱ በኋላ የሚታጠቁት መቀነት ነው ብላት ገባት። በዚያ ላይ ጭኑን፣ ሆዱን፣ መቀመጫውን አጥብቆ፣ በየሦስት ሰከንዱ አጭር ትንፋሽ እየወሰደ ይታገላል። በዚህ ዘጠኝ ጂ ይሸከማል። የእህቴ ልጅ ሱሪው የለውም፤ ትግሉ ብቻ ነው ያለው። ያ ትግል ደግሞ ራሱ ከጆንያ ማንሳት አይለይም፤ የተጎዳ ደም ሥር ላለው ሰው የራሱ ዋጋ አለው። የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ሐኪሞቹ የነገሩት ሁሉ መድኃኒቱን እንጂ ትግሉን አልነበረም።

ለሁለቱም የነገርኳቸው መጀመሪያው ነገር አንድ ነው፤ ኪኒኑን በራስህ አታቋርጥ። አንድ ቀን ወስዶ አንድ ቀን መዝለል ሰውነትን ያምታታዋል። እንደ አቴኖሎል ያለውን ባንዴ ማቆም ደግሞ ግፊቱንም ምቱንም ወደ ላይ ያስፈነጥረዋል፤ ልቡ የታመመ ሰው ላይ የከፋ ነገር ያመጣል። ሁለተኛው፣ ሐኪምህ ሥራህን ይወቅ። ካርዱ ላይ «ገበሬ»፣ «ነጋዴ»፣ «የቀን ሠራተኛ» ተብሎ ይጻፋል እንጂ ስንት ኪሎ እንደሚነሳ አይጻፍም። በየጤና ጣቢያው ወረፋው ረጅም መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም ከዚያ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጫለሁ። ቢሆንም «ጆንያ እሸከማለሁ፣ ቀና ስል ያዞረኛል» ለማለት ግማሽ ደቂቃ ይበቃል።

ጎረቤቴን እኔው ለካሁት። አምስት ደቂቃ አስተኝቼ 148 በ92። አቁሜ በአንድ ደቂቃ 126፣ በሦስት ደቂቃ 124። የላይኛው ቁጥር በሦስት ደቂቃ ውስጥ 20 እና ከዚያ በላይ ከወረደ መቆሙን ሰውነቱ አልቻለውም ማለት ነው። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፍኩና ይዞት እንዲሄድ አደረግሁ። ወረቀት የያዘ ሰው ይሰማል። የሚያሸናው ኪኒን ቀርቶለት በሌላ ተተካ፣ የቀረውን ማታ እንዲወስድ ተነገረው። እኔ የጨመርኩለት ከባለሙያ ይልቅ ከእናት የሚጠበቅ ነው፤ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በሁለት ስኒ ቡና ብቻ እንዳይወጣ፤ ጎደሬም ቢሆን ቆጮ በልቶ፣ ውኃ ጠጥቶ እንዲሄድ፤ ጆንያ ሲያነሳ ትንፋሹን አፍኖ ሳይሆን እያስወጣ እንዲነሳ፤ ከጎንበስ ቀና ሲል ሦስት እስኪቆጥር እንዲቆም። ባልደረቦቹ መጀመሪያ ሳቁበት። «ጸሎት ያደርሳል» ይሉት ነበር።

ስለ ቡናም መናገር አለብኝ፤ እዚህ አገር ላይ ሆኜ ቡናን ዝም ብል አያምርም። ቡናው ራሱ ለለመደ ሰው ያን ያህል አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ጨው ነው። በእኛ አካባቢ ቡና በጨው የሚጠጣ ቤት ብዙ ነው፤ የቡና ቅጠሉንም ቀቅለው በጨው፣ በዝንጅብል፣ በሚጥሚጣ የሚጠጡት አለ። እንግዳ ሲመጣ፣ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይላል፤ ያ አንዲት የሻይ ማንኪያ ናት። በቤታችን ያችን ማንኪያ እስከ ምሳ ድረስ እንጨርሳታለን። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከአዋቂ ኢትዮጵያውያን ከመቶ 16 ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፤ አብዛኞቹም አያውቁትም ነበር። እኔ በወጣትነቴ በዚህ ጫካ አገር ወባ እንጂ ግፊት እፈልጋለሁ ብዬ አልመጣሁም።

የእህቴ ልጅ ወደ ሐኪሙ ተመልሶ ያልነገረውን ነገረው። ኪኒኑ ቀስ በቀስ ወደ ሎሳርታን ተቀየረ፤ የአቪዬሽን ሐኪሙም ሰውነቱ ምን እንደሚመልስ እስኪታይ መሬት ላይ አቆየው። ከዚያ በኋላ ቢፈቀድለትም በመጀመሪያ ከአስተማሪ ጋር፣ ከሁለት ጂ ጀምሮ ነው። መገለባበጡን ይተው ይሆን ብዬ ነበር፤ አልተወውም። ልተው ቢልም አላምነውም ነበር። «ያለዚያ ሰኞን አልወጣውም» ይለኛል። እናቱ አሁንም የምታውቀው አንድ ወረቀት ቢሮ ውስጥ እንደሚሠራ ነው።

ጎረቤቴ በዚህ ዓመት መጋዘኑ ውስጥ ሚዛኑ ላይ ተመድቧል። ጆንያ የሚያነሱት ወጣቶች ናቸው፤ እሱ ይመዝናል፣ ይመዘግባል፣ የቀን ክፍያው ግን ከበፊቱ ያነሰ ነው፤ ሚስቱ በዚህ አልተደሰተችም። ባለፈው ሳምንት ለካሁት፤ ተኝቶ 136 በ84፣ ቆሞ 130። መኪና ሲበዛና ሰው ሲያንስ ግን አሁንም ጆንያ ያነሳል። ሦስት ቆጥሮ።